«ድሪቶ ልትሰቅዪ ነው?»

ለእትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓምድዎን አነባለሁ እንጂ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። 47 ዓመቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ኩዊልት ስሰፋ ኖሬያለሁ። ከአሮጌ ልብስ የቆረጥኩትን ቁራጭ ከቁራጭ እያጋጠምኩ፣ መሐሉ ጥጥ አስገብቼ፣ ከታች ገበር አድርጌ የምሰፋው ብርድ ልብስ ነው። ማንም አላስተማረኝም። እስካሁን 11 ጨርሻለሁ። ስምንቱ አልጋ ላይ ናቸው። ሦስቱ ላይ ግን ማንም እንዲተኛ አልፈለግኩም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ።

ባለፈው ወር የእጅ ሥራ አውደ ርዕይ የሚያዘጋጁ ሰዎች ፎቶአቸውን አይተው ሦስቱንም እንዳቀርብ ጠየቁኝ። እንደ ልጅ ዘለልኩ። ለታላቅ እህቴ ደወልኩላት። ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። «ሰው ፊት ድሪቶ ልትሰቅዪ ነው?» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ግን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ መርፌ አልነካሁም።

በዚያ ላይ አዘጋጆቹ አንድ ወረቀት ላኩልኝ። «ሥራዎ ለእርስዎ ያለውን ትርጉም በአምስት መስመር ይግለጹ» ይላል። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ ቀደድኩት። ሌሎች የጻፉትን አሳይተውኛል። «የማንነት ፍለጋ»፣ «የሕይወት ጉዞ» ምናምን ይላል። እኔ እንደዚህ ያለ ነገር የለኝም። አንዱ ኩዊልት ከእናቴ ቀሚሶች የተሰፋ ነው። ካረፈች በኋላ ልብሷን ለማንም መስጠት አቃተኝ። የመጀመሪያውን ቀሚስ ከመቁረጤ በፊት መቀሱን ሦስት ቀን አንስቼ ሦስት ቀን አስቀምጫለሁ። ጨርሼ ሳጥፈው አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ታዲያ ይሄ ምን ትርጉም አለው? ዘጠኝ ዓመት ጊዜ ስገድል ነበር ማለት ነው?

ሁለት ነገር ልጨምር። ይህንኑ የእናቴን ኩዊልት አንዲት ሴት በፎቶ አይታ «ዋጋ ጥሪ፣ እገዛዋለሁ» ብላኛለች። ሁለተኛው ላይ ደግሞ አንድ ካሬ ተገልብጦ ተሰፍቷል። ያየሁት ሁሉን ከጨረስኩ በኋላ ነው። አሁን ከእሱ ሌላ የሚታየኝ ነገር የለም። ልተርትረው? የቀረኝ አምስት ሳምንት ነው። ወይስ ጭራሽ ይቅርብኝ?

ድሪቶ ሰፊዋ

እህቴ ድሪቶ ሰፊዋ፣

አይቅርብሽ። ይህን አስቀድሜ ልበልሽ፣ መልሱን ፍለጋ እስከ ታች እንዳትሮጪ። አሁን ረጋ ብለን እናውራ።

ከእህትሽ እንጀምር። እውነቱን ለመናገር ቃሉን አልሳተችም። ድሪቶ ማለት ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተደረተ የተሰፋ ነገር ነው። አንቺም የምትሠሪው ይህንኑ ነው። ኩዊልት ስንለው ዘመናዊ ይመስላል እንጂ መርፌዋ ልዩነቱን አታውቅም። ቃሉ ያቆሰለሽ ሌላ ነገር ስለተሸከመ ነው። ድሪቶ ሲባል የሚታየን ጥበብ ሳይሆን እጦት ነው፤ ቅያሪ የሌለው ሰው ልብስ። እንዲያውም ስድብ አድርገነዋል። የተዝረከረከ ጽሑፍ ስናይ «ድሪቶ» እንለዋለን። (እኔም በዚህ ዓምድ ላይ ስንቴ እንደደረትኩ አንባቢዎቼ ያውቃሉ። አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል።)

ግን አንድ ልዩነት አለ። ድሪቶ የሚሰፋው ቀዳዳ ለመሸፈን ነው። አንቺ ምንም ያልተቀደደ ቀሚስ ነው ቆርጠሽ የሰፋሽው። ቀዳዳው ልብሱ ላይ አልነበረም።

ስለ እህትሽ ሌላም ነገር አለኝ፣ ደስ ላይልሽ ይችላል። ከመሳቋ በፊት ትንሽ ዝም ብላለች አልሽ። እኔ የቆምኩት እዚያ ዝምታ ላይ ነው። የእናትሽ ቀሚሶች የእሷም እናት ቀሚሶች ናቸው። ከመቁረጥሽ በፊት ነግረሻት ነበር? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። ኩዊልቱንስ አይታዋለች? እሱም የለም። የማላውቀውን ቤት እየገመትኩ ነው፣ ብሳሳት ይቅር በዪኝ። ግን አንዳንዴ ሰው «ለምን ሳትጠይቂኝ?» ማለት ሲያቅተው የሚያፌዝ ይመስላል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ኩዊልት ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1971 ኒው ዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም የኩዊልት አውደ ርዕይ አሳየ። ጆናታን ሆልስታይንና ጌል ቫን ደር ሁፍ የተባሉ ሰብሳቢዎች ያከማቿቸውን አሮጌ ኩዊልቶች እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቀሏቸው። ከዚያ በፊት ኩዊልት ለብዙ ሰው የአልጋ ዕቃ ነበር። አልጋ ላይ ያለ ነገር ደግሞ ሙሉውን አይታይም። ግማሹ ወደ ጎን ወርዷል፣ ከሥሩ የሰው እግር አለ፣ አንድ ጥግ ላይ ድመት ተኝታለች። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ግን ራቅ ብለሽ ታዪዋለሽ። ቀለሙ ከቀለሙ ጋር ምን እንደሚነጋገር ያኔ ነው የሚገባው። አንቺም ሦስቱን ከአምስት ሜትር ርቀት አይተሻቸው እንደማታውቂ እገምታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ጭንሽ ላይ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህ ብቻ ስቀያቸው።

ይህን የምነግርሽ «ሙዚየም ስለተቀበለው ሥራሽ ትልቅ ነው» ለማለት አይደለም። ከዚያ አውደ ርዕይ ውስጥ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። የአብዛኞቹ ሰፊዎች ስም አይታወቅም ነበር። ሴቶቹ ስንት ክረምት ቁጭ ብለው ሰፍተው ጀርባው ላይ ስማቸውን አልጻፉም። ማን ይጠይቀኛል ብለው ነው መሰለኝ። ግድግዳው ክብር ሰጣቸው፣ ለማን እንደሰጠ ግን አላወቀም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የምትሠሪው ሥራ አለሽ። መዳፍሽን የምታክል ነጭ ጨርቅ ቁረጪ። ስምሽን፣ ዓመቱን፣ ጨርቁ ከየት እንደመጣ ጻፊበት ወይም ጥለፊበት። ከዚያ ጀርባው ላይ፣ ታች ጥግ ላይ ስፊው። ሦስት ኩዊልት፣ ሦስት ቁራጭ። መርፌ አልነካሁም ላልሽውም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ትልቅ ሥራ ለመጀመር ጉልበት ያጣ እጅ ስሙን ለመስፋት ግን አይሰንፍም።

አሁን ወደ አምስቱ መስመር። የደብዳቤሽ እምብርት እዚህ ነው።

አንድ ጊዜ እኔንም ለአንድ መድረክ «መጻፍ ለእርስዎ ምን ትርጉም አለው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጻፍኩ። «መጻፍ የነፍስ መስኮት ነው» ብዬ ነው የጀመርኩት። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ለጓደኛዬ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝና «ጥሩ ነው። የማን ነው?» አለችኝ።

የእሷን ጥያቄ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። የጻፍሽውን መስመር አንስተሽ አጠገብሽ ካለው የሸክላ ድስት ሥር ለጥፊው። ማንም ካልነቃ ያ መስመር ያንቺ አይደለም። «የሕይወት ጉዞ» ከድስትም ሥር ይሄዳል፣ ከፎቶም ሥር ይሄዳል፣ ከወንበርም ሥር ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች ዋሽተዋል አልልም። የሚሉትን ያውቁት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተንኮለኛ ነው። ትርጉሙን አስቀድመሽ አውቀሽ፣ ከዚያ የሰፋሽ ያስመስላል። ማን ነው እንደዚያ የሚሠራው? የመጀመሪያውን ኩዊልት የጀመርሽው ምናልባት ቁርጥራጭ ስለተጠራቀመ ነው። ምናልባት እንቅልፍ እምቢ ስላለሽ ነው። ምክንያቱ ትንሽ ቢሆን ምን ችግር አለው?

ሃሪየት ፓወርስ የምትባል ሴት ነበረች። በ1837 አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ነው የተወለደችው። በ1886 አቴንስ በምትባል የጆርጂያ ከተማ በተዘጋጀ የጥጥ አውደ ርዕይ ላይ አንድ ኩዊልት ይዛ ቀረበች። 11 ካሬ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ጨርቅ ቆርጣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሰፍታበታለች። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት አይታ ወደደችው። በኋላ ሃሪየት ስለ ኩዊልቱ ስትነግራት መምህርቷ ጻፈችው። ምን አለች መሰለሽ? ስለ ነፍሷ አልተናገረችም። ካሬ በካሬ ነው የሄደችው። ይሄ አዳምና ሔዋን ናቸው። ይሄ ቃየል ነው፣ ወንድሙን ሲገድል። ይሄ የያዕቆብ ሕልም ነው። ይሄ ይሁዳ ነው፣ ሠላሳው ብር ይኸውና። ኩዊልቱ ዛሬ ዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ማብራሪያውም አብሮት እስከ ዛሬ ይነበባል። ትርጉም ምን እንደሆነ ጠይቀዋት ጣቷን ጨርቁ ላይ አድርጋ «ይሄ ይሄ ነው» ያለች ሴት ናት እንግዲህ።

ወደ አንቺ የሚቀርብ ሌላም አለ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የመንደሯ ሴቶች ኩዊልት በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከታየ ወዲህ ስሟ ገነነ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ነበረች። ባሏ ሞተባት። በ1942 የሥራ ልብሱን ሰብስባ፣ ልጇም እያገዘቻት፣ ኩዊልት አድርጋ ሰፋችው። በዚያ መንደር ከሥራ ልብስ የተሰፉትን አንዳንዶቹን ቀረብ ብለሽ ብታዪ፣ ጨርቁ ሁሉ በፀሐይና በእጥበት ነጥቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ታያለሽ። ኪስ የነበረበት ነው። ኪሱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጨርቅ እንደ አዲሱ ቀለሙ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ስለዚያች ጥቁር ካሬ «የትዝታ ምልክት» ብለሽ ብትጽፊ ትበላሻለች። «እዚህ ጋ የባሏ ኪስ ነበር» ካልሽ በቂ ነው።

ያንቺም አምስት መስመር ተጽፎ አልቋል። ስድስት ጊዜ ቀድደሽ ሰባተኛውን ለእኔ ልከሽዋል። ከደብዳቤሽ እንዳለ ልገልብጠው፦

«እናቴ ካረፈች በኋላ ልብሷን ለማንም መስጠት አቃተኝ።
የመጀመሪያውን ቀሚስ ከመቁረጤ በፊት መቀሱን ሦስት ቀን አንስቼ ሦስት ቀን አስቀመጥኩ።
ማታ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ሰፋሁት።
ጨርሼ ሳጥፈው አለቅሳለሁ ብዬ ነበር።
እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ከራሴ የጨመርኩት የለም ማለት ይቻላል። ይህን ከድስት ሥር ለጥፊው እስቲ። አይሄድም።

«ይሄ ምን ትርጉም አለው?» ብለሽ የጠየቅሽኝ እዚያው መስመር ላይ መሆኑ ነው የሚገርመኝ። ሦስት ቀን መቀሱን አንስታ መቁረጥ ያቃታት ሴት፣ በመጨረሻ ያንኑ ቀሚስ አጥፋ የምትተኛ ሴት ሆነች። በመሐል ምን ተፈጠረ? ስፌት ነው የተፈጠረው። እኔ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልፈልግም። አንቺም እንድትፈልጊ አልመክርሽም።

ሌሎቹ ሁለቱ እንደዚህ ያለ ታሪክ ከሌላቸው አትፍጠሪላቸው። «ከልጆቼ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የተሰፋ» ከሆነ ያንኑ በዪ። «ቀይ ጨርቅ በዝቶብኝ ነው» ከሆነም ይጻፍ። አልጋ ላይ ያሉት ስምንቱ ደግሞ ከማንም ይቅርታ አይጠይቁም። በብርድ ሌሊት ሰው እየሸፈኑ ነው።

ሽያጩ። አትሽጪው። ቢያንስ አሁን አትሽጪው፣ አዳራሹ ውስጥ ቆመሽ ደግሞ ፈጽሞ አትወስኚ። ሰው ሲያመሰግንሽ እጅሽ ይከፈታል። ከመክፈቻው ቀን በፊት «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ትንሽ ካርድ ጽፈሽ ከሥሩ አድርጊ፤ ያኔ ቃል መመላለስ የለም። ሃሪየት ፓወርስም መጀመሪያ አልሸጥም ብላ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኑሮ ጠመመባትና ኩዊልቷን በንጹሕ የዱቄት ጆንያ ጠቅልላ ወደ መምህርቷ መጣች። 10 ዶላር ጠየቀች። መምህርቷ ያላት 5 ብቻ ነበር። ሸጠችላት። ከዚያ በኋላ ደጋግማ እየመጣች ታየው ነበር። የገዛ ሥራዋን ለማየት የሰው በር ታንኳኳለች። ቸግሯት ነው፣ ማን ይፈርድባታል? አንቺ ግን ካልቸገረሽ ያቺን በር አታንኳኪ። ሴትየዋ እውነት ከወደደችው «የራስሽን እናት ልብስ አምጪልኝ፣ እሰፋልሻለሁ» በያት። ወይ ታመጣለች፣ ወይ የፈለገችው ሌላ ነገር ኖሯል።

የተገለበጠችው ካሬ። አትተርትሪያት! ላዩ፣ ጥጡና ገበሩ አንድ ላይ ከተሰፉ በኋላ መተርተር አንዲት ካሬ ማውጣት አይደለም። በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ታላያለሽ፣ የድሮው መርፌ ቀዳዳ ይቀራል፣ ጥጡ ይንሸራተታል። በአምስት ሳምንት ውስጥ ከአንዲት የተገለበጠች ካሬ የባሰ ነገር ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። «የድሮ ሰፊዎች ትዕቢት እንዳይሆንባቸው ሆን ብለው አንድ ስህተት ይተዉ ነበር» የሚል ወሬ ትሰሚ ይሆናል። የኩዊልት ታሪክ አጥኚዎች ተረት ነው ይላሉ። አንቺም እንዳትደበቂበት። የጠየቀሽ ካለ «ደክሞኝ ነበር፣ አላየሁትም» በዪ። አብዛኛው ሰው ግን አያያትም። ለአንቺ ፋኖስ ሆና የምትታይሽ የት እንዳለች ስለምታውቂ ነው።

አሁን ስለ አሰቃቀሉ ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ምክንያቱም ኩዊልት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ተሰቅሎ ነው። ምስማር አይነካውም። መቆንጠጫም አይሆንም፤ ክብደቱ ሁሉ ሁለት ነጥብ ላይ ይወድቅና ጨርቁን ይጎትተዋል። ከጀርባው፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እጅጌ ስፊለት፤ እንደ መጋረጃ። በውስጡ ዘንግ ይገባል፣ ክብደቱም እኩል ይከፋፈላል። እጅጌውን በእጅ ነው የምትሰፊው፤ መርፌሽ ገበሩንና ትንሽ ጥጥ ትያዝ እንጂ ወደ ፊት አትውጣ። ታችኛው ጠርዝ ወለል እንዳይነካ። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ከሰጡሽ እምቢ በዪ፣ አታፍሪ። ሙዚየሞች ለጨርቅ የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። የነጣ ቀለም አይመለስምና። ስታጓጉዢ በፕላስቲክ አትጠቅልይው፣ ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። የሃሪየት የዱቄት ጆንያ እንኳ ከፕላስቲክ ይሻላል።

ስለ እጅ ግን ትንሽ ልቆይ። ሰው ይነካዋል። «አይነካም» ብለሽ ብትጽፊም ይነካል፤ ብርድ ልብስ ነዋ! ሥዕል አይቶ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው እንኳ ኩዊልት ሲያይ ጣቱ ይሄዳል። መቶ ሰው ከነካው ደግሞ የእጅ ወዝ ይይዛል፣ ይቆሽሻል። አትቆጪ። ከተረፈሽ ቁርጥራጭ በተመሳሳይ አሠራር አንዲት ትንሽ ናሙና ስፊ፤ ላይዋም ጥጧም ገበሯም ያላት። አንዱን ጠርዟን ሳትዘጊ ተዪው፣ ሦስቱ ንብርብር ይታይ። ከኩዊልቱ ጎን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ «ይህን ይንኩ» ብለሽ ጻፊ። ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚሰበሰበው እዚያች ላይ እንደሚሆን ካልተወራረድኩ!

በዕለቱ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆመሽ የሰው ፊት አትቁጠሪ። አብዛኛው አምስት ሰከንድ አይቶ ያልፋል። ያ ስድብ አይደለም፤ ሰው የሚያየው እንዲሁ ነው። አንዱ «ይሄማ እኔም እሠራዋለሁ» ይላል። «ጀምሪ፣ ቁርጥራጭ እሰጥሻለሁ» በያት። የምሬን ነው፣ ስጫት። ደግሞ አንዷ ትመጣለች፣ ወረቀቱን ታነባለች፣ ስለ አንቺ ሥራ አንድም ቃል ሳትናገር ቤቷ ሻንጣ ውስጥ ስላስቀመጠችው የአባቷ ሹራብ ማውራት ትጀምራለች። አታቋርጫት። ሥራሽን ያየችው እሷ ናት።

አንድ የምፈራልሽ ነገር አለ። ከአውደ ርዕዩ በኋላ የምትሰፊው ኩዊልት ይከብድሻል። እስከ ዛሬ ማታ ስትሰፊ ብቻሽን ነበርሽ። ከዚያ በኋላ ግን ቀለም በመረጥሽ ቁጥር «ግድግዳ ላይ ምን ይመስላል?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ይህ ለብዙ ሠሪ ደርሶበታል፣ ለእኔም። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛውን ከመክፈቻው ቀን በፊት ጀምሪው። ለአልጋ ይሁን፣ ለአንድ የምታውቂው ሰው አልጋ። ተቆርጦ፣ ግማሹ ተሰፍቶ ቅርጫት ውስጥ ይጠብቅሽ። ከአዳራሹ ስትመለሺ ጫማሽን አውልቀሽ የቆመበትን ስፌት ትቀጥያለሽ።

አሁን ወደ እህትሽ። እጅጌውን ለብቻሽ መስፋት ትችያለሽ፣ ግን ያታክታል። ኩዊልት ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ወጥሮ ቢይዝልሽ ስፌቱ አይጣመምም። ደውዪላትና «የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ፣ ነይ» በያት። ስለ ድሪቶ አታንሺ፣ ይቅርታም አትጠብቂ። ስትመጣ የእናታችሁን ኩዊልት ጠረጴዛው ላይ ዘርጊው። አስቀድመሽ ሳትነግሪያት ቆርጠሽ ከሆነ «ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» በያት። አጭር ይሁን።

ከዚያ ዝም በዪ። ታላቅ ናት፤ ከአንቺ በፊት የነበሩትን ዓመታት ታውቃለች። የትኛው ቀሚስ መቼ እንደተገዛ፣ እናታችሁ የትኛውን ለየትኛው ቀን እንደለበሰችው፣ የትኛው መጀመሪያ የሌላ ሰው እንደነበረ። የማታስታውሺው ቁራጭ ካለ ጣትሽን እሱ ላይ አድርጊና ጠይቂያት። የምትነግርሽን ለወረቀቱ ጻፊው፤ መስመሩ ስድስት ቢሆን አዘጋጆቹ አይጣሉሽም።

እትዬ